አክስት እያለች ሆቴል?

«ሆቴል? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

አክስቴ ይህን ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀመችው። ጊዜው ጥር 2013 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት ዱባይ የኖረችው እህቴ ልትመጣ ነው፤ እናቴ፣ አባቴና ታናሽ ወንድሜ ደግሞ እሷን ለመቀበል ከደብረ ማርቆስ ይመጣሉ። አምስት ሌሊት የሚያርፉበትን ቦታ የመፈለጉ ሥራ የወደቀው እኔ ላይ ነው። የምኖረው ከጓደኛዬ ጋር በተጋራናት አንዲት የኪራይ ክፍል ስለሆነ እኔ ጋ እንግዳ ማሳደር አይታሰብም። በደጉ ጊዜ ቢሆን ይህ ጥያቄ ራሱ አይነሳም ነበር። ቤተሰባችን አዲስ አበባ ሲመጣ የሚያድረው ሽሮ ሜዳ፣ አክስቴ ቤት ነው። አለቀ።

ያ ጊዜ ግን ደግ አልነበረም። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ አሥር ወር አልፏል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ አካባቢ አብቅቷል፤ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ የእንጦጦ ፓርክም በመስከረም መጨረሻ ተመርቆ ሰው እየጎረፈበት ነው። አገሩ ተከፈተ እንጂ በሽታው አልሄደም። እናቴ አስም አለባት፤ አባቴ ስኳር። አክስቴ ቤት ደግሞ በሁለት ክፍል ሰባት ሰው ይኖራል፤ ትልቁ ልጇ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጭን ውሎ ማታ እዚያው ይገባል። ከእነዚህ ሰባት ሰዎች መሃል እናቴን ላስተኛት? ወይስ አክስቴን ላስቀይም?

አስቀየምኳት። ግን «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» የሚለው ንግግሯ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ሆቴል ማደር ምን ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያስቆጣው? መልሱን ስፈልግ ራሴን ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው ዘመን ውስጥ አገኘሁት።

ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ ባለቤቱ ያስገባዋል። እግሩን ያጥበዋል፤ ያለውን ያቀርብለታል፤ መደቡን ይለቅለታል። ዋጋ የሚባል ነገር አይነሳም። ዛሬም ቢሆን «ክፍል ያዝኩ» ከማለት ይልቅ «አልጋ ያዝኩ» ነው የምንለው። «አልጋ ወራሽ» ስንል ደግሞ ያው ቃል ዙፋን ይሆናል። አልጋ ክብር ነው። ክብር ደግሞ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም፤ ቢያንስ አክስቴ የምታምነው እንዲያ ነው።

ይህ ወግ ግን ሌላ ገጽታም ነበረው፤ ብዙ ጊዜ አናወራውም። ድርጎ ይባላል። ንጉሡ የፈቀዱለት መልእክተኛ ወይም የውጭ ሰው በየደረሰበት አገር ምግብና ማደሪያ እንዲሰጠው ይታዘዝለታል፤ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ ለበቅሎውም ገብሱ። እንግዳው ኪሱ ሳይነካ አገር ያቋርጣል። ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው? የመንገድ ዳሩ ገበሬ ነዋ! በዘመቻ ጊዜ ደግሞ ወታደሩ መጥቶ እቤቱ ይሰፍርበታል። ስለ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባይነት በአድናቆት የጻፉ የውጭ ተጓዦች ከበሉት በግ ጥቂት የማይባለው የተነጠቀ በግ ነበር ማለት ነው። በነጻ የተገኘ አልጋ ሁልጊዜ የሌላ ሰው አልጋ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከአድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ በእንግዳ ተጥለቀለቀች። ዲፕሎማቱ፣ ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ ዕድሉን ሊሞክር የመጣው ሁሉ ይጎርፍ ጀመር። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ መንገዱ ይበልጥ አጠረ። ይህን ሁሉ ሰው በግብር ማብላትና በየመኳንንቱ ቤት ማሳደር አይቻልም። እቴጌ ጣይቱ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር ሆቴል ያሠሩት በዚህ ጊዜ ነው፤ በስማቸው የሚጠራው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል።

ሆቴሉ ሲከፈት ግን ችግር መጣ ይባላል። ሲተረክ እንደኖረው መኳንንቱ ገንዘብ ከፍሎ መብላትን ነውር አድርገው ስላዩት ደጁን ሊረግጡ አልፈለጉም። አጼ ምኒልክ ታዲያ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ በሉ፣ ጠጡ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። ንጉሡ የከፈሉበትን ቤት «አልከፍልም» የሚል ማን ይኖራል? ታሪኩ በየአፉ ሲዞር ጨውና በርበሬ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። እኔን የገረመኝ ግን ችግሩ ነው። መኳንንቱ የተናገሩትን ወደ ዘመናችን አማርኛ ብትመልሱት «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» ነው የሚሆነው።

ሆቴሉ ከተከፈተ ከአሥር ዓመት ብዙም ሳይርቅ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። የእኛ ሰው «የኅዳር በሽታ» አለው። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። በከተማዋ ብቻ ከ9,000 እስከ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ቀባሪ ጠፍቶ አስከሬን በየሜዳው የቀረበት ጊዜ ነበር። ልጆች ሆነን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን እያቃጠልን «ኅዳር ሲታጠን» ስንል፣ በጭሱ ዓይናችን ሲያለቅስ፣ የማን ሐዘን እንደሆነ አናውቅም ነበር።

እንዲህ ያለ በሽታ የሚሻገረው በመጥፎ ሥራችን አይደለም፤ በደግ ሥራችን ነው። የታመመ ስንጠይቅ፣ ለቅሶ ስንደርስ፣ እንግዳ አቅፈን ስንስም፣ ከአንድ መሶብ ስንቆርስ። ለዚህ ነው በ2012ቱ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ እጅ መጨባበጥ ሳይቀር ሲታገድ፣ የብዙዎቻችን ወላጆች የተሰደቡ ያህል የተሰማቸው። ሕጉ ነክቶት የማያውቀውን ነገር ነበር የነካው፤ ፍቅር የምንገልጥበትን መንገድ።

ያኔ ነው ሆቴሎች አዲስ ሥራ ያገኙት። ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ ለ14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ሲወሰን፣ ማቆያ ሆነው የተመደቡት የኢትዮጵያ ስካይላይት ሆቴልና ግዮን ነበሩ። ቦሌ ያለው ስካይላይት ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር። ከዓረብ አገር በገፍ ለተመለሱ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች ማቆያ ሆኑላቸው። ሆቴል ማለት የሠርግ አዳራሽና የስብሰባ ቡና መሆኑ ቀርቶ በር የሚዘጋበት ቦታ ሆነ።

እንግዲህ እኔ ደብተር ይዤ ስልክ መደወል የጀመርኩት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ሆቴል ደወልኩ። ጥያቄዎቼ አምስት ነበሩ። መስኮቱ ይከፈታል? በደረጃ ነው በሊፍት? ቁርስ ክፍል ድረስ ይመጣል? ከእኛ በፊት የነበረው ሰው ከወጣ ስንት ቀኑ ነው? ማቆያ ሆናችሁ ታውቃላችሁ?

አንዷ አምስተኛውን ጥያቄ ስትሰማ «እኛ በሽተኛ አናስተኛም!» ብላ ጮኸችብኝ። አንዱ ለሁሉም ጥያቄ «ሳኒታይዘር አለን» እያለ መለሰልኝ። አንድ ባለ ብዙ ኮከብ ሆቴል ደግሞ መስኮቱ እንደማይከፈት በኩራት ነገረኝ፤ «ሙሉ ኤሲ ነው»።

የዚያን ዕለት የገባኝ ነገር ኮሮና ኮከቦቹን ገልብጧቸው እንደነበር ነው። የታሸገ መስታወት፣ ሊፍት፣ ሰው ተጋፍቶ የሚያነሳው የቡፌ ቁርስ፤ ትናንት የቅንጦት ምልክት የነበረው ሁሉ ለእናቴ ሳንባ ሥጋት ሆነ። ድሮ «አርጅቷል» ብለን የምናልፈው ቤት፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳና የሚንሲያጠጥ የእንጨት መስኮት ያለው፣ ተመራጭ ሆነ። የጣይቱ ሆቴል በረንዳ ትዝ አለኝ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት የጎዳው ጊዜ ብዙ ሰው «የድሮ ዕቃ ተቃጠለ» ነበር ያለው። ድሮ የሠሩት ሰዎች አየር እንዲዘዋወር አድርገው መሥራታቸውን ግን ማንም አላነሳውም።

በመጨረሻ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል አገኘሁ። ስሙን ብጠራላችሁ አታውቁትም። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እውነቱን ልንገርሽ? ከሐምሌ ወዲህ የመጣው እንግዳ በጣት ይቆጠራል። እኛም ግማሾቻችን ነን የቀረነው፤ በግማሽ ደመወዝ» አለችኝ። ለእኔ የምሥራች ነበር፤ ባዶ ሆቴል ማለት ደኅና ሆቴል ነው። ለእሷ ግን እንጀራዋ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በዚህ ደስታዬ አፈርኩ። ክፍሉን ከ850 ብር ወደ 600 ሲያወርዱልኝ ክርክር አልጨመርኩም። ሦስት ክፍል፣ አምስት ሌሊት፣ 9,000 ብር። እኔና እህቴ ልንካፈለው ተስማማን።

እህቴ ነጻ መሆኗን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ይዛ መጣች። የእኛዎቹ በማግስቱ የዓባይን በረሃ አቋርጠው ደረሱ። የሆቴሉ ዘበኛ ሙቀት መለኪያውን ግንባሩ ላይ ሲደቅንበት አባቴ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ፤ ዘበኛው ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። እናቴ ግን ክፍሉ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጠች። «እህቴ ከዚህ አንድ ታክሲ ናት፤ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

በሁለተኛው ቀን አክስቴ መጣች። ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። «ፎቅ አልወጣም» ብላ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እናቴ በደረጃው እየሮጠች ወርዳ ሁለት ሜትር ሲቀራት ቆመች። ሁለቱም ዓይኔን አዩ። እኔ ስልሳ ዓመት የተዋደዱ እህትማማቾችን «አትቃቀፉ» የምል ሰው ሆኜ ቆምኩ። እጅ ነሥተው ተላቀሱ። «ልጆችሽ አሳደጉሽ» አለች አክስቴ። ምርቃት አልነበረም።

ቢሆንም በማግስቱ ሁላችንም እንጦጦ ማርያም ለመሳለም ወጣን፤ ሜዳ ስለሆነ ማንም ማንንም አይፈራም። ምኒልክና ጣይቱ መጀመሪያ የኖሩት እዚሁ ተራራ ላይ ነው፤ ወደ ታች የሳባቸው የፍልውሃ ጸበልና ሙቀት ነበር። አዲስ አበባ ራሷ፣ ብታስቡት፣ ሰው ጤናውን ብሎ ቤቱን ትቶ የሄደባት ቦታ ናት።

ዳቦው ተቆርሶ ሻይ ስንጠጣ የአክስቴ ትንሿ ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ሳታስበው አመለጣት። «እናንተ መጥታችሁ እኔ አልጋዬ ላይ ሳድር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው!» አለች እየሳቀች።

አክስቴ በዓይኗ ገሠጸቻት። ማንም አልሳቀም። እኔ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። በየፋሲካው፣ በየሠርጉ፣ አባቴ ለሕክምና በመጣ ቁጥር፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዶርም እስካገኝ ድረስ። ያቺ ልጅ ስንት ሌሊት ፍራሽ አንጥፋ መሬት ተኝታለች? የድርጎው ገበሬ ሩቅ አገር አልነበረም፤ ሽሮ ሜዳ ነበር፤ የአጎት ልጅ ነበር የምንለው። አክስቴ ደግሞ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። አውቃ፣ ከፍላ፣ ዋጋውን ደብቃ ነው «አልጋ ሞልቷል፣ ኑ» ስትል የኖረችው። የተቀየመችውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሒሳቡ እንዳይታይ ስትሸፍን የኖረችበትን ነገር እኔ በደረሰኝ አስከፈትኩባት።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ልከፍል ወደ መቀበያው ወረድኩ። ልጅቷ ደብተሯን አገላብጣ «7,200 ብር ነው የቀረው» አለችኝ።

«9,000 አልነበረም እንዴ?»

«የመጀመሪያውን ሌሊት የሦስቱንም ክፍል ከፍለዋል፤ ዳቦ ይዘው የመጡት እናት። እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር» አለች፤ ማስኩ ላይ ዓይኖቿ ብቻ ሲስቁ ይታያሉ።

ደወልኩላት። «እንዴ እቴቴ፣ ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት አይደለም» አለች። «አንዷን ሌሊት እኔ ቤት አደራችሁ ብላችሁ ቁጠሩት። አሁን እናትሽን ስጪኝ፤ ከአንቺ ጋር አልታረቅኩም።»