ሐረማያ ሐይቅ ለምን ደረቀ? እንዴትስ ተመለሰ?

ሐረርን ለዓመታት ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደርቆ የከብት መዋያ ሜዳ እንደሆነ ታስታውሳላችሁን? ብዙዎች ዝናሙን ወቀሱ። ነገር ግን ኮረብታው ተመንጥሮ ጎርፉ አፈሩን እያጋዘ ሐይቁን ሞልቶት ነበር። በዳርቻው የተተከሉት ፓምፖችም ለአትክልትና ለጫት ውሃውን ይስቡ ነበር። (እህል እንኳ ቢሆን ባልከፋ!) እያንዳንዱ ገበሬ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ተደምሮ ግን ሐይቅ ጨረሰ።

ኋላ ነዋሪው እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ፣ ከብቱን ከተዳፋቱ አገደ። ከልክሎ ማቆየት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ዙሪያ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ አውሬም እንዳይታደን ከልክለው ነበር። ሐረርም ውሃዋን ከሌላ ስፍራ ማምጣት ያዘች፤ ዝናሙም አገዘ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ውሃው ተመለሰ፤ ወፎችም ተከተሉት። የጫቱ ማሳ ግን ዛሬም ከዳሩ አልራቀም።