የአፈር ብረትና የደም ብረት፦ ከመካነ ሰላም ደጋ

በወሎ ያለው የመካነ ሰላም ደጋ ዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው የባዛልት ዐለት ላይ የተነጠፈ ነው። ባዛልት ከክብደቱ ከመቶ 8 ገደማ ብረት ነው። ዐለቱ እየላመ አፈር ሲሆን ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሄማታይትና ጎታይት ይሆናል፤ የቀዩ አፈር ቀለም የእነዚህ ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ ጥሎት በሚያልፈው ጥቁር አሸዋ ላይ ማግኔት ሲያሳልፉበት ደቃቁ ፍሬ ተነሥቶ ይለጠፋል፤ ይህ ማግኔታይት ነው።

አቶሚክ ቁጥሩ 26 የሆነው ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቀጥቃጩ ግን ማቅለጥ አያሻውም። አሮጌ የመኪና ባሌስትራ በከሰል ላይ አድርጎ ወናፉን ሲነፋው ብረቱ ይቀላል፣ ይለሰልሳል፤ በመዶሻ ማረሻ ያደርገዋል። ባሌስትራ የሚመረጠው ካርቦን ስላለበት ነው፤ ግሎ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል።

ይህ ሁሉ ብረት ባለበት አገር የደም ማነስ መኖሩ ግን ማብራሪያ ይሻል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆነ ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከሴቶች ደግሞ 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው መዝግቧል። መንስኤው ሁልጊዜ የብረት እጥረት ባይሆንም፣ ጤፍ በብረቱ የታወቀ እህል በመሆኑ ቁጥሩ ያሳስባል።

መልሱ በከፊል ከአውድማው ይገኛል። በሬዎች በሚያበራዩት ጤፍ ውስጥ አፈር ይገባል፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ በነፋስም በወንፊትም አይጠራም። በ100 ግራም ቀይ ጤፍ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ብረት የተለካበት ጊዜ አለ፤ ከአፈር የጸዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ግራም አያልፍም። ልዩነቱ ከአፈሩ የመጣ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ አብዛኛው በአንጀት ሳይሟሟ ይወጣል። ስለዚህ በምግብ ሠንጠረዥ ላይ አጠቃላይ የብረት መጠንን ብቻ መጻፍ አሳሳች ነው እላለሁ። የፍሬውን የራሱን ብረት ደግሞ ፋይቴት የሚባለው ውህድ ይዞ አይለቀውም። እርሾ ፋይቴቱን ስለሚሰብር በደንብ የቦካ ሊጥ ይጠቅማል። ሎሚና ቃሪያ ቫይታሚን ሲ ስላላቸው ብረቱን ለአንጀት ያመቻቹታል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ያስሩታል።

በአዋቂ ሰው አካል ያለው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በሄሞግሎቢን ውስጥ ኦክስጅን ይሸከማል። ለብርድ ሲባል በተዘጋ ቤት የሚጨስ ከሰል የሚገድለውም በዚሁ ብረት በኩል ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል።

ብረት በኪኒን መስጠትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በታንዛኒያ ፔምባ ደሴት ተካሂዶ በ2006 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ ወባ በበዛበት ቦታ ብረትና ፎሊክ አሲድ በተሰጣቸው ሕፃናት ላይ ሕመምና ሞት በመጨመሩ ብረት የሚሰጥበት የጥናቱ ክፍል ቀድሞ ተቋርጧል። ከደጋው ወደ ዓባይ ቆላ ሲወረድ ወባ ስላለ፣ በዚያ ለሕፃናት ብረት የሚሰጠው ከወባ መከላከል ጋር ተጣምሮ መሆን አለበት።

ለነፍሰ ጡር የሚታደለው ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረት አለው። 10 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን 10 ፍሬ ብትውጥ በኪሎ 60 ሚሊ ግራም ደረሰ ማለት ነው፤ ይህ ጉበትን የሚጎዳ፣ ሊገድልም የሚችል መጠን ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ትውከት ከቆመ በኋላ ለሰዓታት የተሻላት ልትመስል ትችላለች። በዚያ ሰዓት ቤት ማቆየት አይገባም፤ ከነብልቃጡ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።