ከአምበር እስከ ኩሎም፦ የኤሌክትሮስታቲክስ ታሪክና የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ትምህርት ቅደም ተከተል

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ኤሌክትሮስታቲክስ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀመሮች ተጠቃሎ የሚታለፍ ምዕራፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድን እጩ መምህር በማስተማር ልምምድ ላይ ለመከታተል በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተገኘበት ጊዜ ይህንኑ ተመልክቷል። እጩ መምህሩ የኩሎምን ሕግ በሰሌዳ ላይ ጻፈ፤ የእያንዳንዱን ፊደል ትርጉም አስረዳ፤ ሦስት ጥያቄዎችንም ሠርቶ አሳየ። ተማሪዎቹ አራተኛውን ያለ ስሕተት ሠሩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን «መምህር፣ ማታ ሹራቤን ሳወልቅ የሚንጣጣው ነገር ይኸው ነው?» ስትል ጠየቀች። እጩ መምህሩ ጥቂት አመንትቶ «እሱን ኋላ እንደርስበታለን» አላት፤ ወዲያውም ደወል ተደወለ።

ጥፋቱን በእጩ መምህሩ ላይ ብቻ ማሳበብ አይገባም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በመምህርነት ዘመኑ ምዕራፉን ያስተማረው በዚሁ መንገድ ነበር። ጉዳዩ የአንድ ሰው ድክመት ሳይሆን የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። የሰው ልጅ በመጨረሻ የደረሰበትን ለተማሪው በመጀመሪያ እንሰጠዋለን፤ በመጀመሪያ ያየውን ደግሞ ጨርሶ አናሳየውም። ከዚህ ቀጥሎ የዕውቀቱ ታሪክ በአጭሩ ይቀርባል፤ ከእያንዳንዱ እርምጃም ለክፍል የሚጠቅመው ነጥብ ይጠቀሳል።

የጊልበርት መርፌ

የጥንት ግሪኮች አምበር የተባለው፣ ከጥንት ዛፎች ሙጫ ደርቆ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ሲታሽ ገለባንና ላባን እንደሚስብ ያውቁ ነበር። አምበርን በቋንቋቸው «ኤሌክትሮን» ይሉታል። ተማሪዎቻችን ይህን ቃል ከአቶም ጋር አያይዘው በቃላቸው ይይዙታል፤ መነሻው የዛፍ ሙጫ ስም መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም። ሙጫንና እጣንን ከልጅነቱ ለሚያውቅ ተማሪ ይህ ቀላል መግቢያ በሆነ ነበር።

ነገሩ በሥርዓት እስኪመረመር ድረስ ረጅም ዘመን አለፈ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1600 ስለ ማግኔት ባሳተመው መጽሐፍ የአምበርን መሳብ ከማግኔት መሳብ ለየ። የተጠቀመበትም መሣሪያ በሹል ጫፍ ላይ ተመዛዝና እንደ ልብ የምትዞር ቀላል የብረት መርፌ ነበረች። በእርስዋ አማካይነት የታሸ ብርጭቆ፣ ድኝና ሌሎችም ብዙ ነገሮች እንደ አምበር እንደሚስቡ አረጋገጠ። ይህን መሣሪያ ከብርማ የማስቲካ መጠቅለያና በላጲስ ላይ ከተተከለች ስፒል በጥቂት ደቂቃዎች መሥራት ይቻላል። በጠጉር የታሸ የፕላስቲክ ማስመሪያ ቀረብ ሲደረግ መርፌዋ ትዞራለች።

የግሬይ ገመድ

ሁለተኛው እርምጃ የስቲቨን ግሬይ ነው። ግሬይ በወጣትነቱ ጨርቅ በማቅለም ሙያ ይተዳደር የነበረ፣ ሀብት ያልነበረው እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1729 የመስተዋት ቱቦ ሲያሽ፣ ያልታሸው የቱቦው ቡሽ ላባ መሳቡን አየ። ኤሌክትሪክ ከነገር ወደ ነገር የሚተላለፍ ከሆነ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ለማወቅ ረጅም ገመድ ዘረጋ። ገመዱን በሐር ክሮች ባንጠለጠለው ጊዜ ሙከራው ሠመረ። ግሬይና ባልደረባው ግራንቪል ዊለር ይህ የሆነው ሐሩ ቀጭን ስለ ሆነ መሰላቸው። ሐሩ ከክብደት የተነሣ ሲበጠስ ግን በምትኩ ቀጭን የናስ ሽቦ አደረጉ፤ ሙከራውም ከሸፈ። ወሳኙ ነገር የክሩ ቅጥነት ሳይሆን የተሠራበት ነገር ጠባይ መሆኑን የተረዱት በዚህ ጊዜ ነው። በሐር ሲያንጠለጥሉትም ከ200 ሜትር በላይ ለማስተላለፍ ቻሉ።

አስተላላፊና አላስተላላፊ ነገሮች የተለዩት እንግዲህ በተበጠሰ ክር ምክንያት ነው። ለተማሪ የሁለቱን ዝርዝር በሰንጠረዥ ከመስጠት ይልቅ ይህን ታሪክ ነግሮ «ሽቦው ለምን አቃተው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ሁለቱ ዓይነቶች

ፈረንሳዊው ሻርል ዱ ፌ እ.ኤ.አ. በ1733 በታሸ መስተዋት የተገፋ ስስ የወርቅ ቅጠል በታሸ ሙጫም ይገፋል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ቅጠሉ ግን ተሳበ። ዱ ፌ ያልጠበቀውን ውጤት አልጣለም። ይልቁንም ኤሌክትሪክ ሁለት ዓይነት ነው፤ ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ፣ የተለያዩት ይሳሳባሉ ሲል ደመደመ። አንዱን የመስተዋት፣ ሌላውን የሙጫ ብሎ ሰየማቸው።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1747፣ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲበዛ አዎንታዊ፣ ሲጎድል አሉታዊ ይሆናል አለ። በመስተዋቱ ላይ የበዛ መስሎት አዎንታዊ ያለውም ያለ በቂ ማስረጃ ነበር። ጄ. ጄ. ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1897 ኤሌክትሮንን ሲያገኝ ግን በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ቅንጣት በዚህ አሰያየም አሉታዊ ሆኖ ተገኘ። የጅረት አቅጣጫ ከኤሌክትሮኖች ጉዞ ተቃራኒ ተደርጎ የሚሣለው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ነጥብ ግራ የሚጋባ ተማሪ ሰነፍ አይደለም፤ ግራ ያጋባው የስያሜው ታሪክ ነው፤ ይህም ሊነገረው ይገባል።

የኩሎም ሦስት ቁጥሮች

ወታደራዊው መሐንዲስ ሻርል ኦገስቲን ደ ኩሎም የሽቦን መጠምዘዝ ሲያጠና ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1785 በዚያው ዕውቀት በሠራው የጥምዘዛ ሚዛን ሁለት ሙል ያላቸው ትንንሽ ኳሶች የሚገፋፉበትን ኃይል ለካ። በኳሶቹ መካከል ያለው ርቀት 36 ዲግሪ ሲሆን ጥምዘዛው 36፣ ርቀቱ 18 ሲሆን 144፣ ርቀቱ 8.5 ሲሆን 575.5 ዲግሪ ሆነ።

እነዚህን ሦስት ጥንድ ቁጥሮች ያለ ቀመር በሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎችን ሕጉን እንዲፈልጉ ማድረግ ይቻላል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ አራት እጥፍ መሆኑን ብዙዎቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ጎበዞቹ ደግሞ ለ8.5 ሕጉ 646 ያህል እንደሚሰጥና የኩሎም ቁጥር ከዚያ እንደሚያንስ ያስተውላሉ። በዚህ ጊዜ መምህሩ ሙል በአየርና በደጋፊው በኩል ቀስ በቀስ እንደሚያመልጥና ኩሎምም ይህንኑ እንዳጠና ያስረዳል። ተማሪው ልኬት ምን እንደ ሆነ የሚገነዘበው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ጥንቃቄ

በዚህ ምዕራፍ የፍራንክሊን የካይት ታሪክ ይወደዳል። ሆኖም ያንን ታሪክ የጌኦርግ ሪክማንን ታሪክ ሳያስከትሉ መንገር አደገኛ ነው። ሪክማን እ.ኤ.አ. በ1753 በሴንት ፒተርስበርግ በነጎድጓድ ጊዜ የደመናን ኤሌክትሪክ ለመለካት ሲሞክር በመብረቅ ሞተ። በክረምት ከብት የሚጠብቁና ረጅም መንገድ በእግር የሚጓዙ ተማሪዎች ባሉበት አገር፣ በነጎድጓድ ጊዜ ከብቸኛ ዛፍ ሥር አለመጠለል ከቀመሩ ያላነሰ የትምህርቱ ክፍል ነው።

ማጠቃለያ

ከጊልበርት መርፌ እስከ ኩሎም ሚዛን 185 ዓመታት አልፈዋል። ተማሪው ይህን ያህል ይጠብቅ አይባልም፤ በአራት ክፍለ ጊዜያት ግን መንገዱን ሊሄድበት ይችላል። በመጀመሪያው መሳብን ይይ፤ በሁለተኛው አስተላላፊን ከአላስተላላፊ ይለይ፤ በሦስተኛው በጠጉር የታሹ ሁለት ማስመሪያዎችን በክር አንጠልጥሎ ሲገፋፉ ይመልከት፤ በአራተኛው ወደ ሕጉ ይድረስ። የአቶም አወቃቀር ከዚህ በኋላ ለታየው ነገር ማብራሪያ ሆኖ ይቅረብ።

ለዕቅድ አውጪዎች ሁለት ነጥቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ እርጥብ አየር ሙልን ስለሚያሸሽ፣ ምዕራፉ በክረምት ማግስት ከሚሰጥ ይልቅ አየሩ በአብዛኛው ደረቅ በሚሆንባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቢመደብ ሙከራው ይሠምራል። ሁለተኛ፣ ፈተናው ስሌትን ብቻ ከጠየቀ መምህሩም ስሌትን ብቻ ያስተምራል፤ ስለሆነም ከየፈተናው ቢያንስ አንዱ ጥያቄ የታየን ነገር የሚያስረዳ ይሁን።

ቤተ ሙከራ የለንም የሚለው ምክንያት በብዙ ምዕራፎች እውነት ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ግን አይሠራም። ማስመሪያ፣ ክር፣ ብርማ ወረቀትና የራስ ጠጉር በየክፍሉ አለ። ስለ ሹራቧ የጠየቀችውም ተማሪ ቤተ ሙከራዋን ለብሳ ነበር የመጣችው። ጥያቄዋ ለምዕራፉ መዝጊያ ሳይሆን መክፈቻ ሊሆን ይገባው ነበር።