ሲሶው ለውሃ፦ የምጽዋ አሮጌ ሰፈርና የተዘነጋ አንድ ምስክርነት

ዴሬክ ማቲውስ በ1953 (በዚህ መጣጥፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ኩሽ» በተባለው የሱዳን የጥንታዊ ቅርስ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ስለ ቀይ ባሕር የቤት አሠራር ስልት ያሳተሙት ሐተታ የባሕሩን ወደቦች በአንድ የሥነ ሕንጻ መታጠቂያ ካስተሳሰረ ወዲህ፣ ስለ ምጽዋ አሮጌ ሰፈር የሚጽፍ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለውን ባለጥልፍ የእንጨት መስኮት ከተመለከተ በኋላ ሰፈሩን ያወቀው መስሎት ይሄዳል። የዚህ መጣጥፍ ጸሐፊ ከዚህ ልማድ ጋር ጠብ አለው። ማቲውስ ያዩት ሁሉ በእውነት ያለ ነገር መሆኑን አይክድም፤ ነገር ግን በምጽዋ ደሴት ላይ መኖርን የሚቻል ያደረገው፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚያድር የወሰነው፣ ሰፈሩንም ሰፈር ያሰኘው ከመስኮቱ ይልቅ ውሃው ነው ብሎ ያምናል።

ከማቲውስ ውጭ ስላሉት ሊቃውንት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ በ1982 እና በ1985 ባወጧቸው ሁለት ቅጾች የተጓዦቹን ቃል ሰብስበው አስቀምጠውልናል፤ ጆናታን ሚራንም በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ የምጽዋን የእስልምና ፍርድ ቤት መዛግብት ገልጠው የነጋዴዎቹን ቤተ ሰቦች፣ የደላሎቹን ሥራና ለሃይማኖት አገልግሎት የተለየውን የወቅፍ ንብረት አሳይተውናል። ከሁለቱም ጋር የምከራከርበት ነገር የለኝም።

ይህን የምጽፈው ከባሕር ርቄ፣ በአዲስ አበባ፣ በሳሪስ አቦ ነው። ከደብረ ዘይት መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን የጭነት መኪናዎች ከመስማት በቀር ከወደብ ጋር ምን አለው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ይሁን እንጂ በፈረቃ የሚመጣውን ውሃ በበርሜልና በጀሪካን አጠራቅሞ የሚያድር ሰው፣ ስለ አንድ ሰፈር ባነበበ ጊዜ አስቀድሞ «ውሃቸውን ከየት ይቀዱ ነበር» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለ ቀይ ባሕር ስልት የጻፉት ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ያላነሡት ምናልባት ቧንቧው በማይቋረጥበት አገር ስለ ኖሩ ይሆናል።

ወደ ምስክሩ እንግባ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በመስከረም 1769 ምጽዋ ደርሶ፣ በቱርኮች ስም ስፍራውን ከሚገዛው ከናይቡ ጋር ሲከራከርና ሲጉላላ ከሰነበተ በኋላ ወደ ደጋው ወጣ፤ የጉዞውንም መጽሐፍ በ1790 አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ሁለት ነገሮችን መዝግቧል። አንደኛው፣ ደሴቲቱ በሦስት ሲሶ የተከፈለች መሆኗን፦ ሲሶው ለመኖሪያ ቤቶች፣ ሲሶው የዝናብ ውሃ ለሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች፣ የቀረው ሲሶ ለሙታን መቃብር። ሁለተኛው፣ ቤቶቹ በጠቅላላው ከእንጨትና ከሣር የተሠሩ ሆነው፣ የድንጋይ ቤት ሃያ ያህል ብቻ መኖሩን፣ ከእነዚያም ባለ ሁለት ደርቡ ስድስት ወይም ስምንት መሆኑን። ርስትን ለነጋሽ፣ ለቀዳሽና ለአራሽ በሲሶ ሲከፍል የኖረ አገር ሰው ይህን አከፋፈል ሲያነብ ልቡ ሳይነካ አይቀርም። በምጽዋ የንጉሥና የካህን ድርሻ የለም፤ ሕያዋን፣ ሙታንና ውሃ በእኩል ተካፍለዋታል። ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ደሴት ላይ፣ ያውም የነጋዴ ቦታ እጅግ ውድ በሆነበት ስፍራ፣ ሕዝቡ ከመሬቱ ሲሶውን ለጉድጓድ ለቆ መኖሩ ከማንኛውም የመስኮት ጥልፍ ይልቅ ስለዚያ ሰፈር ኑሮ ይመሰክራል።

ዝናቡም ቢሆን ዘወትር የሚታመን አይደለም። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ዝናብ ሲወርድ፣ በምጽዋ ከ200 እምብዛም አያልፍም፤ የሚዘንበውም የእኛ በጋ በሆነው ወራት ነው፤ ሐሩሩ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ሰሞን ሰማዩ ደረቅ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ የዓመት ስንቅ መያዣ ነበር። ይህም ጥበብ የምጽዋ ብቻ አልነበረም፤ የዳህላክ ከቢር ደሴት ሰዎች፣ እነዚያ በኩፊ ፊደል የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮችን የተዉልን፣ ኮራሉን ዐለት እየፈለፈሉ እጅግ ብዙ የውሃ ጉድጓድ አበጅተዋል፤ በአፈ ታሪክም ቁጥሩ ከዓመቱ ቀኖች ጋር ይተካከላል ይባላል። በዳህላክ የሚደነቅ መስኮት የለም፤ ከተማ ግን ነበረ።

አሁን ማቲውስን በዝርዝር እንመርምር። የስልቱ ጠባይዓት የታወቁ ናቸው፦ ከባሕር የተቆረጠ የኮራል ድንጋይ፣ ከተቃጠለ ኮራል የሚገኝ ኖራ፣ ግድግዳውን እንደ መቀነት የሚያስሩት አግዳሚ እንጨቶች፣ ነፋስ የሚቀበለውና የሴቶቹን ክፍል ከመንገደኛ ዐይን የሚጋርደው ራውሻን የተባለው ያው ባለጥልፍ የእንጨት መስኮት። እነዚህን አንድ በአንድ መቁጠር መልካም ነው። ነገር ግን ከዚህ ቆጠራ ተነሥቶ አንድ የባሕር ዳር ሰፈር ምን እንደሆነ ተገልጧል ማለት ከሦስት እንቅፋት ጋር ይጋጫል።

የመጀመሪያው የዘመን እንቅፋት ነው። ቱርኮች ምጽዋን የያዙት በ1557 ነው፤ ብሩስ የደረሰው ከ212 ዓመት በኋላ ነው፤ ያገኘውም ሃያ የድንጋይ ቤት ነው። ስልቱ የሰፈሩ አጥንት ቢሆን ኖሮ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ሃያ ቤት ብቻ ያፈራ ስልት ምን ዓይነት አጥንት ነው? ግብፆች ከተማይቱን በ1865 ተረከቡ፤ ጣሊያኖች በየካቲት 1885 ገቡ፤ በ1921 የምድር መናወጥ ብዙውን አፈረሰ፤ ከዚያም ብዙው እንደገና ተሠራ። ስለዚህ መንገደኛው ዛሬ አንጋጦ የሚያየው «የቱርክ ከተማ» በአብዛኛው የግብፅና የጣሊያን ዘመን ልጅ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት፣ ስልቱን የሚያጠና ሰው የሣር ቤቱን አለማየቱ ነው። የሣር ቤት መስኮት የለውም፤ ስለዚህ በስልት መዝገብ አይገባም፤ ዳሩ ግን አብዛኛው የምጽዋ ሰው ተወልዶ፣ ተድሮና ሞቶ የተገነዘው በዚያ ቤት ነው። አሥር እጁን ነዋሪ ከደጅ ትቶ አንድ እጁን የሚያስገባ የሰፈር ታሪክ፣ ስለ ደብሩ ሲጽፍ መሪጌታውን ቆጥሮ ምእመናኑን የረሳ ጸሐፊ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል። ማቲውስ ቤትን በግድግዳው ይወስኑታል። የምጽዋ ቤት ግን በግድግዳው አያልቅም ነበር። የደሴቲቱ ነጋዴ ቀኑን በመጋዘኑና በወደቡ ውሎ ሌሊቱን፣ በተለይም በሐሩሩ ወራት፣ ከባሕሩ ማዶ በሕጡምሎና በእምኩሉ የሚያሳልፍበት ልማድ ነበር፤ ሚራን የሰበሰቡት ማስረጃም ደሴቲቱና የየብሱ መንደሮች አንድ ማኅበር እንደ ነበሩ ያሳያል። ከእነዚያው መንደሮችና ከሕርጊጎ የጉድጓድ ውሃ በእርኮት ተሞልቶ፣ በሰው ጫንቃና በጀልባ፣ ወደ ደሴቲቱ ይመጣ ነበር። በደሴቲቱ ጉድጓድ የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ሲያልቅ ወይም ሲበላሽ የባለጠጋውና የድኻው ልዩነት የሚታወቀው በመስኮቱ ጥልፍ ሳይሆን ውሃ ቀጂ ለማሠማራት በሚያስችለው አቅም ነበር፤ ናይቡም የየብሱን መንገድ መያዙ ኃይል የሆነለት ከዚሁ የተነሣ ነው። ናንሲ ኡም የተባሉት ምሁር በ2009 ስለ የመኗ ወደብ ስለ ሞካ ነጋዴዎች ቤት ባወጡት መጽሐፍ ቤቱ ራሱ የንግድ ስፍራ እንደ ነበረ አስረድተዋል፤ በ2012ም የቀይ ባሕር ስልት የሚለውን ነገር ከገጽታው አልፈው መርምረዋል። ከማቲውስ ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርበዋል፤ ሆኖም ከገጽታው ወደ ውስጥ ገቡ እንጂ ወደ ታች፣ ወደ ጉድጓዱ፣ አልወረዱም።

የእምኩሉ ስም ከተነሣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር በ1870 በምጽዋ ከባርነት ነጻ ያወጣው ብላቴና፣ ኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ ተብሎ፣ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመውን ሐዲስ ኪዳን በ1893 ያሳተመው በዚያች መንደር በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ነው። የከተማይቱን ውሃ የቀዳች መንደር መጽሐፍም አተመች፤ በሥነ ሕንጻ መዝገብ ግን አንድ መስመር አላገኘችም።

ይኸው ሙንዚንገር በግብፅ አገዛዝ ሥር በ1871 የምጽዋ ገዥ ከሆነ በኋላ፣ በ1875 በአውሳ እስኪሞት ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመታት ደሴቲቱ ከጎረቤቷ ደሴት ከጥዋለት፣ ጥዋለትም ከየብሱ ጋር በድልድይ መንገድ ተገናኙ፤ የእምኩሉም ውሃ በቦይ ወደ ከተማ እንዲደርስ ተደረገ። እዚህ ላይ በሚገባው ትሕትና አንድ ግምት አቀርባለሁ፤ ከግምት በላይ አይደለም፤ ቢሆንም ከሌላው ሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ውሃው ከየብሱ ያለማቋረጥ መምጣት ሲጀምር ለጉድጓድ ተለቆ የነበረው ሲሶ ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታውም መሬት በዚያ ውድ ደሴት ላይ ባዶውን ሊቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ ዛሬ «አሮጌ ሰፈር» የምንለው የድንጋይ ቤት ጥቂት የማይባለው ክፍል የቆመው በጉድጓዶቹ ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ ማቲውስ ያደነቁት መስኮት የተከፈተው የውሃው ነገር ከተፈታ በኋላ ነው ማለት ነው።

ተቃውሞዎቹ ይታወቁኛል። ብሩስ አጋናኝ ነው ይባላል። ለንደኖች ስለ ጥሬ ሥጋ የነገራቸውን ሐሰት ነው ብለው ሳቁበት፤ ጥሬ ሥጋ ግን ዛሬም በሳሪስ ሥጋ ቤቶች ይበላል። ሰው ስለ ነገሥታትና ስለ ራሱ ጀብዱ ያጋንናል፤ ስለ ውሃ ጉድጓድ የሚያጋንንበት ምክንያት የለውም። ሲሶ ማለቱ በገመድ የተለካ አይደለም ይባላል፤ እውነት ነው፤ አራተኛ እጁ ቢሆንም ክርክሩ አይለወጥም። የሱዳኗ ወደብ ሱዋኪን ደግሞ በኮራል ቤት የተሞላች ስለ ነበረች ስልቱ የከተማ መሠረት ለመሆኑ ማስረጃ ናት የሚል ይኖራል። ሱዋኪንም ውሃዋን ከየብሱ ነበር የምትቀዳው፤ ፖርት ሱዳን በ1909 ተከፍቶ ሰዉ ሲለቅቃትም ኖራው የማይታደስለት ኮራል ተንዶ ፍርስራሽ ሆነ። ስልቱ ብቻውን አንዲት ግድግዳ እንኳ አላቆመም።

በየካቲት 1990 በተደረገው ውጊያና ከዚያ በኋላ በወረደው የአየር ድብደባ ከምጽዋ አሮጌ ሰፈር ብዙው ተቀጠቀጠ፤ የተረፈውን ለመመዝገብ የሚነሣ ሰው ካለ ከጣሪያው ሳይሆን ከወለሉ ሥር እንዲጀምር እለምነዋለሁ። ማስረጃው የሚገኘውም በፎቶግራፍ ላይ አይደለም። የቤት ሽያጭና የወቅፍ ውል የቦታውን ወሰን በአዋሳኙ ስለሚገልጽ፣ ከ1870ዎቹ በፊት በተጻፉት ውሎች አዋሳኙ የውሃ ጉድጓድ፣ በኋላ በተጻፉት ግን ቤት ሆኖ ከተገኘ ግምቴ ይጸናል። ባይገኝ ደግሞ ግምቱን እተዋለሁ፤ ግን ያን ጊዜም የ1769ኙ ሃያ የድንጋይ ቤት ለማቲውስ ስልት ጠበብ ይለዋል።