ሻኩራና ሮማን

እንግዲህ ስሙኝ። ቦታው መቐለ ነው፣ ሮማናት አደባባይ። ጊዜው ማለዳ፣ የትግራዩ ጦርነት ካበቃ በኋላ። ባጃጆቹ አደባባዩን መዞር ጀምረዋል። ያንዱ መስታወት ላይ እመቤታችን ልጇን አቅፋለች፤ የሌላው ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዟል። ነጠላ የተከናነቡ እናቶች ኪዳን አድርሰው እየተመለሱ ነው። አንድ ጎረምሳ የካፌውን ወንበሮች ወደ ደጅ እያወጣ በስልኩ ስብከት ያዳምጣል። ሰባኪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ፍቅር ያስተምራል፤ ልጁ አቧራ ያራግፋል።

«ሮማናት» የሚለው ስም ለእኔ የአማርኛ ጆሮ ሮማን ሮማን ይለኛል። በሰማሁት ቁጥርም የአሮን ልብስ ትዝ ይለኛል። በኦሪት ዘጸአት እንደተጻፈው፣ ሊቀ ካህናቱ ወደ መቅደስ ሲገባ በሚለብሰው ቀሚስ ዘርፍ ዙሪያ አንድ የወርቅ ሻኩራ፣ ቀጥሎ አንድ ሮማን፣ ደግሞ ሻኩራ፣ ደግሞ ሮማን እየተፈራረቀ ይደረግ ነበር። ሻኩራው ይጮኻል። ሮማኑ ፍሬ ነው፣ ድምፅ የለውም። በእኛ ዘመን ሻኩራው በዝቶልናል፤ ስብከቱም ዝማሬውም በየኪሳችን ነው። እኔም እወደዋለሁ፣ አልነቅፈውም። ልነግራችሁ የመጣሁት ግን ስለ ሮማኑ ነው።

ከአደባባዩ ዳር አንዲት እናት ረከቦታቸውን ዘርግተው ቡና ያፈላሉ። «ከመይ ሓዲርክን፣ ኣደይ» አልኳቸው በተሰባበረች ትግርኛዬ። ኣደይ ማለት እናቴ ማለት ነው። እሳቸው በጥሩ አማርኛ መለሱልኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከየት ነህ፣ ወደይ?»

ልጄ ማለታቸው ነው።

«ከአዲስ አበባ» አልኩ።

እጃቸው ጀበናው ላይ ቆመ። ለአፍታ ነው፤ እኔ ግን የቆመውን እጅ አየሁት። በዚያች አፍታ ውስጥ ሁለት ዓመት ነበረ። ከዚያ ጀበናውን አነሡና ቀዱልኝ። ቀድመውኝ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አቦሉን ለእኔ ሰጡኝ፤ «እንግዳ ይቅደም» አሉ። ቶናውንም ጠጣሁ። በረካው ላይ ስንደርስ፣ «ነገ 21 ነው» አሉኝ። «የማርያም ማኅበር አለብኝ። ትመጣለህ።» አነጋገራቸው ጥያቄ አልነበረም።

ሄድኩ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሳር ጎዝጉዘውበታል። ዐሥራ አራት ያህል ሰው በርጩማና መደብ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ሕምባሻው በሰፌድ ቀርቧል፤ ስዋው፣ ማለትም ጠላው፣ በእንስራ ሞልቷል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በክብር ተቀምጧል። የንስሐ አባታቸው ጸሎት አደረሱ፣ ሕምባሻውን ባርከው ቆረሱ። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። እኔ ጋ ሲደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ። ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ወሬው ሲሟሟቅ ያንን የጦርነት ጊዜ አነሡት። እዚያ ቤት ዘመን የሚቆጠረው በቅዱሳን ነው። ጭንቁ የገባው ሰኔ 21 ቀን 2013 ነው፣ በማርያም ቀን። የፌዴራሉ ጦር በዚያ ዕለት ከመቐለ ሲወጣ መብራቱም፣ ስልኩም፣ ባንኩም አብሮ ሄደ። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው፣ በጊዮርጊስ ቀን። የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ተመልሶ አሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ ያረፈው ታኅሣሥ 19 ነው፣ ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣበት በዓል በሚከበርበት ዕለት። ከአውሮፕላኑ የወረዱት መሬት ስመዋል፤ ወላጅና ልጅ ተቃቅፈው አልቅሰዋል። እዚያ ቤት ለተቀመጡት ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። እኔም አልተከራከርኳቸውም፤ መከራከርም አልፈልግም።

ባንክ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አስቡት። በደብተሯ ላይ ገንዘብ ያላት ሴት አንድ ጣሳ እህል መግዣ አጣች። መምህሩ ደመወዝ አልነበረውም። የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ወራት ሙሉ ያለ ደመወዝ በሽተኛ ያክሙ ነበር፤ መድኃኒት ሲያልቅባቸው ከበሽተኛው አጠገብ ከመቆም በቀር ምንም የሌላቸው ቀናት ነበሩ። ከቤታቸው የተፈናቀሉት ደግሞ ከተማዋን ሞልተዋታል፤ ገሚሱ በየትምህርት ቤቱ ክፍሎች፣ ገሚሱ በየሰው ቤት። ራሱ የሚበላው ያጣ ሰው ሌላ ቤተሰብ ተቀብሎ አንድ እንጀራ ለሁለት ይከፍል ነበር።

በዚያ መሀል የጽዋው ተራ ከማኅበሩ አንዲት መበለት ላይ ወደቀ። ምንም የላትም። ብቅል የለ፣ ጌሾ የለ፣ ለሕምባሻ የሚሆን ዱቄት የለ። ወደ ሙሴው፣ ማለትም ወደ ማኅበሩ አለቃ ሄደችና፣ «ተራዬን እለፉኝ፣ ሲሞላልኝ እከፍላለሁ» አለችው። ሙሴው ያን ዕለት አብሮን ተቀምጦ ነበር፤ ጎልማሳ አናጢ ነው። የመለሰላትን ራሱ ነገረን።

«ማርያምን ቤትሽ አትምጣ ነው የምትይኝ? እኛ ተራ አናልፍም። ውኃ አለሽ አይደል?»

ውኃ አላት። በጽዋው ውኃ ሞሉ። እያንዳንዱ ከቤቱ ያለውን ይዞ መጣ፤ አንዱ እፍኝ ቆሎ፣ አንዷ ግማሽ ቂጣ። ካህኑ ባረኩ፤ ውኃውን እንደ ስዋ ተቀባበሉት። የእንግዳው ድርሻ ሲነሣ ግን ቤቱ ውስጥ እንግዳ አልነበረም። የማርያም ድርሻ ደግሞ ለሰው ሳይደርስ አይቀርም። ስለዚህ መሶቡን ሸፍነው፣ ጽዋውን ይዘው ተነሡና ተፈናቃዮቹ ወደ ሰፈሩበት ወደ ማይ ወይኒ ትምህርት ቤት ሄዱ።

እዚህ ላይ ካህኑ ጣልቃ ገቡ። «ማይ ውኃ ነው፤ ወይኒም ያው ወይን ነው» አሉኝ፣ ትግርኛዬን ተጠራጥረው። «ውኃ ይዘን ማይ ወይኒ ገባን። የቃና ዘገሊላው ጌታ የት እንዳለ ያወቅነው ያን ቀን ነው።»

በአንዲት የመማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳ ሥር፣ የተፈናቀሉ እናቶች ውኃውን ከጽዋው ጠጡ። ከመሀላቸው አንዷ በአገሯ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ጽዋውን ይዛ አለቀሰች፤ ከቤት ከወጣች ጀምሮ ቀን ጠፍቶባት ነበርና 21 መሆኑን የምታውቀው ነገር አልነበራትም። «የሚቀጥለው ተራ የእኔ ይሁን» አለች። ሰጧት። በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ የተሰበሰበው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ማን እንዳሟላላት ልነግራችሁ አያስፈልግም። እኔ ስሄድም የማኅበሩ አባል ነበረች፤ ሲጠቁሙኝ አየኋት፤ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ያኔ እንኳ ወደ ቀዬዋ አልተመለሰችም ነበር።

ካህኑን ስለ ሃይማኖት የጠየቅኋቸው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ ወንጌል ወደዚህ አገር እንዴት ገባ? እንደምታውቁት ታሪኩ የታወቀ ነው፤ ከእሳቸው አፍ ስሰማው ግን አዲስ ሆነብኝ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ሰው ሁለት ልጆች ይዞ በቀይ ባሕር ሲመለስ፣ መርከባቸው ውኃ ልትቀዳ ወደብ ትጠጋለች። የመርከቧ ሰዎች ተገደሉ። ልጆቹን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያነቡ አገኟቸውና ራርተው ወደ አክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው። ፍሬምናጦስ የንጉሡን ጽሕፈትና ሒሳብ ያዘ። ወንድሙ ኤዴስዮስ የንጉሡ ጽዋ አሳላፊ ሆነ።

«ልብ በል» አሉኝ ካህኑ፣ «ጳጳስ ገና አልመጣም። መጀመሪያ የመጡት ሒሳብ ያዥና ጽዋ አሳላፊ ናቸው። በመርከብ ላይ ወገኖቻቸውን የጨረሰባቸውን አገር አገለገሉ።»

ንጉሡ ሞቶ ልጁ ሕፃን ሳለ ንግሥቲቱ አደራ ብላ አስቀረቻቸው። ፍሬምናጦስም በዚያ ሥልጣኑ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የሚጸልዩበት ቦታ አሰናዳላቸው። ወደ እስክንድርያ ሄዶ፣ አትናቴዎስ ቀብቶ የላከው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አልነው። ንጉሥ ኢዛናም በገንዘቡ ላይ የነበሩትን ጨረቃና ክብ ትቶ መስቀል አስቀረጸ። በዓለም ላይ መስቀል ከተቀረጸባቸው የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች ናቸው። ወንጌል በዚህ ምድር ከቤተ መንግሥት ጓዳና ከነጋዴ ተነሥቶ፣ በገበያ ሳንቲም ላይ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። እኔ ለብዙ ዘመን ይህን ታሪክ የማውቀው ከመጨረሻው፣ ከጳጳሱ ነበር። ጽዋ አሳላፊውን ዘንግቼው ኖሬያለሁ።

አሁን እጄ ለምን እንደተንቀጠቀጠ ልንገራችሁ።

እኔም አዲስ አበባ የማርያም ማኅበር አለኝ። ከመሀላችን አንዲት እትዬ ነበሩ፣ የትግራይ ተወላጅ፤ ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ይኖራሉ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር መምጣት ቀነሱ፤ ከዚያ ቀሩ። ማንም ውጡ አላላቸውም። ማንም ግን ኑም አላላቸውም። የቤታቸው መጋረጃ ቀን ሙሉ እንደተዘጋ ይውል ነበር፤ እኔ በበራቸው ፊት እያለፍኩ ቅዳሴ እሄድ ነበር፤ ተመልሼም ስለ ደጉ ሳምራዊ የተሰበከውን ለቤተሰቤ እተርክ ነበር። አንድ ወር የጽዋው ተራ እሳቸው ላይ ደረሰ። ሙሴያችን ዙሪያውን አየ። ሁላችንም ሳሩን አየን። ጽዋው ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ። ቀጣዩ ሰው እኔ ነበርኩ። ተቀበልኩት። እልልታም ነበረ።

ይህን ለመቐለዋ እናት ነገርኳቸው፤ በማግስቱ፣ እዚያው ሮማናት፣ ረከቦታቸው ፊት። ጎረምሳው ካፌው ደጅ ላይ ያንኑ ስብከት ከፍቷል። እናትየው እስክጨርስ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ከሰሉን ብቻ ያራግቡ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መቆጣት መብታቸው ነው፤ በዚያ ጦርነት የቀበሩት ሰው እንዳለ ከማኅበርተኞቹ ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን ከመሶባቸው በጨርቅ የተጠቀለለ የሕምባሻ ቁራሽ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«የትናንቱ ነው፣ የማርያም። ድርሻቸው ነው» አሉኝ። «እንዳይደርቅ ቶሎ አድርስ።»

በማግስቱ በረርኩ። ቁራሹን ሻንጣ ውስጥ አላስገባሁትም፤ እስከ አዲስ አበባ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ወደ ሰፈር ገባሁ፤ የራሴን በር አልፌ ሦስተኛው በር ላይ ቆምኩ። ከመጨረሻው ሰላምታችን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። አንኳኳሁ። ቆየ። ደግሜ አንኳኳሁ።

እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝ። ፀጉራቸው ነጥቷል። ይቅርታ ለማለት በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ከመቐለ ነው» አልኩ ጨርቁን ዘርግቼ፤ «የማርያም ነው። ድርሻዎ ነው ብለው ላኩልዎ።»

እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሕምባሻውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ስመው፣ ግንባራቸውን አስነኩት። ከዚያ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ።

«ጽዋው አሁን ማን ቤት ነው ያለው?» አሉኝ።