ዓመተ ምሕረት የሌለው ሉል

አሮጌ ሉል የሚሸጥ ሰው ዘመኑን ሲጠይቁት እጁን የሚሰድደው ወደ እንጨት እግሩ፣ ወደ ነሐስ ቅስቱና ወደ ቢጫው ወረቀት ነው። እነዚህ ግን የማይታመኑ ምስክሮች ናቸው። እግር ይቀየራል፤ ወረቀትም ፀሐይ ከበዛበት ከዕድሜው በላይ ያረጃል። አምራቾቹ በበኩላቸው ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አያትሙትም፤ ቁጥር የታተመበት ሉል ዓመቱ ሲገባደድ የከረመ ዕቃ ይሆንባቸዋላ። ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ፣ አገር በሌለበት ሰፊ ቦታ፣ የአሳታሚውን ስምና የታተመበትን ከተማ ታገኙ ይሆናል። ቀኑን መፈለግ ያለባችሁ ግን በአገሮቹና በከተሞቹ ስም ውስጥ ነው።

ከዕቃው ስም እንጀምር። ሉል የጥንት ትርጉሙ ከባሕር የሚወጣው ዕንቊ ነው፤ ዐረቦች ሉእሉእ የሚሉት፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ጠላቂዎች ሲያወጡት የኖሩት። ኋላ የዕንቊው ክብነት ትርጉሙን ይዞት ሄደና ድቡልቡል የሆነው ሁሉ ሉል ተባለ። በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ሥላሴ በእጃቸው የሚይዙት ክብ ነገር ዓለም ነው፤ ስለዚህ ዓለምን በክብ መመሰል ለኛ አዲስ ነገር አልነበረም። ተማሪ ቤት ግን ግሎብ የሚለው ገነነ፤ በላቲን ግሎቡስ ማለት ድቡልቡል ነገር ነው። ላዩ ላይ የሚለጠፈው ካርታ ደግሞ በጣሊያንና በላቲን በኩል ከግሪኩ ኻርቴስ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ የፓፒረስ ቅጠል ነው። በዚሁ ቃል ዐረቦች ቂርጣስ አሉ፤ የኛም ክርታስ ከዚያው ዘር ነው። ካርታና ክርታስ፣ በሁለት መንገድ ዞረው እኛ ዘንድ የተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው።

እስከ ዛሬ ከተረፉት የምድር ሉሎች ሁሉ ጥንታዊው በ1492 ማርቲን ቤሃይም ኑረምበርግ ውስጥ ያሠራው ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጀርመኖች የምድር ፖም ይሉታል። አሜሪካ የለችበትም፤ ኮሎምበስ ገና ከጉዞው አልተመለሰምና። እዚህ ላይ ዘመኑን የሚናገረው የጎደለው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ለተሠሩት፣ በተለይ ለሃያኛው ክፍለ ዘመን ሉሎች፣ የሚያዋጣው ስም ማንበብ ነው።

ለዚህ ሥራ ሁሉም ስም እኩል አይጠቅምም። በአዋጅ የተለወጠ ስም ቀን አለው፤ በልማድ የተለወጠ የለውም። የኖርዌይ ዋና ከተማ ክርስቲያንያ መባሏ ቀርቶ ኦስሎ የሆነችው ጥር 1 ቀን 1925 ነው፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምን ይፈለጋል! ቅዱስ ጴጥሮስን የሚያስታውሰው ሴንት ፒተርስበርግ በ1914 ከጀርመን ጋር ጦርነት ሲነሣ ጀርመንኛ ጀርመንኛ ስለሸተተ ፔትሮግራድ ተባለ፤ በ1924 ሌኒንግራድ፣ በ1991 ተመልሶ ፒተርስበርግ። ፔትሮግራድ የሚል ሉል ካገኛችሁ የዐሥር ዓመት መስኮት በእጃችሁ ገባ ማለት ነው። የቻይናው ቤጂንግ ትርጉሙ የሰሜን መዲና ነው። መንግሥቱ በ1928 ወደ ናንጂንግ፣ ማለትም ወደ ደቡብ መዲና፣ ሲዛወር ከተማው መዲና ሆኖ መጠራቱ ቀረና ቤይፒንግ፣ የሰሜን ሰላም፣ ተባለ፤ በ1949 የቀድሞ ስሙ ተመለሰ።

ኢስታንቡል ትንሽ ታታልላለች። የቱርክ መንግሥት የውጭ አገር ሰው ሁሉ በዚህ ስም እንዲጠራት ያስገደደው በ1930 ነው፤ ሕዝቡ ግን ለዘመናት ሲላት ኖሯል። አብዛኞቹ ሊቃውንት «ኢስ ቲን ፖሊን»፣ ወደ ከተማው፣ ከሚለው ግሪክኛ ያወጡታል። የኛ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት አሁንም ቁስጥንጥንያ ይላሉ፤ በእነሱ ሉል ቢሠራ ከ1930 በፊት የተሠራ በመሰለን ነበር።

ፋርስም እንዲሁ ናት። የአገሬው ሰው አገሩን ኢራን ሲል ኖሯል፤ ፐርሺያ የአንድ ክፍለ ሀገሩን ስም ግሪኮች ለጠቅላላው የሰጡት ነው። ሬዛ ሻህ በ1935 የውጭ መንግሥታት ኢራን እንዲሉ ጠየቀ። አሳታሚዎች ከዚያ ወዲህ ኢራን ይጽፋሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አሮጌውን ስም በቅንፍ እያስከተሉ።

የኛው አገር ስም ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። አቢሲኒያ የሚል ሉል በገበያ ላይ ሲወጣ ሻጩ ወዲያው «ከ1936 በፊት» ይላል። ግምቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ግን ጥብቅ ማስረጃ አይሆንም። አገሪቱ አቢሲኒያ ተብላ ኖራ በአንድ ቀን አዋጅ ኢትዮጵያ አልተባለችማ። የዳግማዊ ምኒልክን ብር አገላብጡት፦ በ1889 ዓ.ም. ከአንበሳው ጋር የተቀረጸው ማዕረግ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ነው። አቢሲኒያ ማለት የለመዱት ባዕዳን ናቸው፤ ልማድ ደግሞ ሲሞት ቀን አያስመዘግብም።

ሁለቱ ስሞች ግን የአንድ አገር ሁለት እኩያ ስሞች ሆነው የተገናኙት በጣም በጥንት ነው። አቢሲኒያ ከሐበሻ የወጣ ነው፤ ሐበሻም ከሳባውያን ጽሑፎች ጀምሮ ይታወቃል። ኢትዮጵያን ግሪኮቹ «ማቃጠል» እና «ፊት» ከሚሉ ሁለት ቃላት ያወጡታል፤ የአገራችን ትውፊት ኢትዮጲስ ከሚባል ንጉሥ ያመጣዋል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዔዛና አክሱም ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በግዕዙ ሐበሠት በተባለበት ቦታ ግሪክኛው ኢትዮጵያውያን ይላል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትርጉም ለትርጉም ተጣምረው የታዩት እንግዲህ እዚያ ነው።

ግሪኮቹ ግን ቃሉን በአክሱም ብቻ አልወሰኑትም። ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ እንዲያ ይሉት ነበርና፣ በአሮጌ ካርታዎችና ሉሎች ላይ የአትላንቲክ ደቡባዊ ክፍል «የኢትዮጵያ ውቅያኖስ» ተብሎ ይነበባል። ይህ ስም እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ቆይቷል። ከብራዚል ፊት ለፊት ኢትዮጵያን ብታዩ አትደንግጡ።

በአንጻሩ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ የሚለው ስም ድንበሩ ጥርት ያለ ነው። በ1936 አጋማሽ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን ደርበው የፈጠሩት፣ በ1941 የፈረሰ። ይህ ስም ያለበት ሉል ደግሞ ሌሎች ምስክሮችን ሊያመጣ ይችላል። ሲያም ታይላንድ ያልተባለች ከሆነ ከ1939 አጋማሽ አያልፍም። ኦስትሪያ በራሷ ቀለም ከቆመች ከመጋቢት 1938 በፊት ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ የሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላ ጊዜ ይቀራል። የስሙ አለመኖር ግን ብዙ አያስረዳም፦ ለምሳሌ አሜሪካ የጣሊያንን ወረራ አልተቀበለችም፣ እዚያ የታተመም ኢትዮጵያን እንደነበረች ሊተዋት ይችላል።

ኤርትራ የሚለውን ስም ጣሊያኖች ለግዛታቸው የሰጡት ጥር 1 ቀን 1890 ነው፤ ምንጩ ቀይ ማለት የሆነው የግሪኩ ኤሪትሮስ። አዲስ ስም የመሰላቸው ካሉ ዳዊት ይድገሙ፤ ግዕዙ ቀይ ባሕርን ከጥንት ጀምሮ ባሕረ ኤርትራ ይለዋል። ስለዚህ ቃሉ በባሕሩ ላይ ቢጻፍ ዘመን አይናገርም፤ በየብሱ ላይ ከተጻፈ ግን ከ1890 ወዲህ ነው።

ጎረቤታችን ጅቡቲ ለቀን ፈላጊ የተመቸች ናት። እስከ 1967 የፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ ከዚያ እስከ 1977 የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት። ይህ ረጅም ስም በዚያች ትንሽ ቦታ ስለማይገባ አሳታሚዎች ወደ ባሕሩ ያወጡታል፤ እዚያ ፈልጉት።

የሐይቆቹን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። የሃንጋሪው ቆንት ቴሌኪና ጓደኛው ፎን ሆኔል በ1888 ከኦሞ ወንዝ መጨረሻ ያለውን ታላቅ ሐይቅ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ሩዶልፍ፣ አጠገቡ ያለውን ደግሞ በሚስቱ በስቴፋኒ ሰየሙት። ቦታዎቹ ግን ያለ ስም አልነበሩም፤ ከብቱን ውሃ የሚያጠጣው ሰው ስም ነበረው። ሩዶልፍ ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1889 ሞተ። ስሙ ግን በሉል ላይ ሰማንያ ሰባት ዓመት ኖረ፤ ኬንያ ሐይቁን ቱርካና ያለችው በ1975 ነው። ባል በአዋጅ ስለተሻረ ለቀን ቆጣሪ ይጠቅማል። የሚስቱ ሐይቅ የኛው ጨው ባሕር ነው፤ ስቴፋኒ የሚለው ቀስ በቀስ ደበዘዘ እንጂ በጉልህ ቀን አልተሻረም። አባያንም ቦቴጎ በጣሊያን ንግሥት ስም ማርጋሪታ ብሎት ነበር፤ የእሱም ስም ነገር እንደ ጨው ባሕሩ ነው። በሉል ላይ ስቴፋኒን ወይም ማርጋሪታን ካያችሁ አትቸኩሉ፤ ዓይናችሁን ትንሽ ወደ ደቡብ አውርዱና ሩዶልፍ ወይስ ቱርካና እንደተባለ ተመልከቱ።