አራት ስፔድ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1929 እሑድ ነበር። በአሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ ሁለት ጥንዶች ቀኑን ጎልፍ ሲጫወቱ ውለው ማታ ካርታ ይዘው ተቀመጡ። የቤቱ ባለቤቶች ጆን ቤኔትና ሚስቱ ሜርትል ናቸው፤ እንግዶቹ ቻርልስ ሆፍማንና ሚስቱ። ጆን ሽቶ እየዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ሊወጣ አስቧል። ጨዋታው ብሪጅ ነበር። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ የቤኔቶች ዕድል ዞረ፤ ባልና ሚስትም በየእጁ መነካከስ ጀመሩ።

ከዚያ ጆን «አንድ ስፔድ» አለ። ቻርልስ «ሁለት ዳይመንድ»። ሜርትል «አራት ስፔድ»። ሌሎቹ አለፉ። ጆን የገባውን ውል መፈጸም አቃተው። ሚስቱ ጨዋታ እንደማይችል ፊት ለፊት ነገረችው። እሱም በእንግዶቹ ፊት ደጋግሞ በጥፊ መታት፤ ሌላ ቦታ አድሬ በዚያው እሄዳለሁ ብሎም ሻንጣውን ማዘጋጀት ጀመረ። ሜርትል ወደ እናቷ ክፍል ገብታ ሽጉጥ ይዛ ወጣች። ጆን ቤኔት በዚያው ሌሊት ሞተ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። «በካርታ ምክንያት ባሏን የገደለችው ሴት» ተብሎ ይሳቅበታል፣ ይታለፋል። እኔ ግን «አራት ስፔድ» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ያቺ ሴት በጥፊ ከመመታቷ በፊት ያደረገችው ነገር፣ ማለትም የተጣማሪዋን ቃል አምና ውሉን ከፍ ማድረጓ፣ የጨዋታው ዋና ነገር ነው።

ብሪጅን ለማታውቁ ባጭሩ። አራት ሰው፣ ሁለት ለሁለት፤ ተጣማሪህ ከፊት ለፊትህ ይቀመጣል። 52ቱ ካርታ እኩል ይታደላል፣ ለእያንዳንዱ 13። በየዙሩ አራቱም አንድ አንድ ይጥላሉ፣ ትልቁን የጣለ ዙሩን ይወስዳል። እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ጨዋታው ሳይጀመር ነው፤ መጀመሪያ ጨረታ አለ። «ከ13ቱ ዙር ይህን ያህል እናሸንፋለን፣ ገዢውም ካርታ እገሌ ይሁን» እያሉ በየተራ ይጫረታሉ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዙሮች አይቆጠሩም፤ ስለዚህ «አንድ ስፔድ» ማለት ስፔድ ገዢ ሆኖ ሰባት ዙር ማለት ነው፣ «አራት ስፔድ» ደግሞ አሥር። ከፍ ያለውን የተናገረ ወገን ውሉን ይይዛል። ካልሞላው ይቀጣል።

እንግዲህ የተጣማሪህን ካርታ አታይም። መጠየቅም አትችልም። መሳል፣ ማጉረምረም፣ ቅንድብ ማንሳት፣ ቶሎ ወይም ዘግየት ብሎ በመናገር ምልክት መስጠት፣ ሁሉም ነውር ነው። የተፈቀደልህ ቃል በጠቅላላው 38 ብቻ ነው፦ 35 የጨረታ ደረጃዎች፣ እነዚያ ላይ «አልፌያለሁ»፣ «ደብል» እና «ሪደብል»። በነዚህ ቃላት የእጅህን 13 ካርታ ለሌላ ሰው ትተርካለህ፤ እሱም የራሱን ይተርክልሃል፤ ሁለታችሁም የምትናገሩትን ጠላት ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ጨረታው ሲያልቅ ደግሞ የበለጠ የሚያናድድ ነገር ይመጣል። ውሉን የገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የሚጫወተው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እጁን ያጣጥፋል። ጆተኒ ሁለት ለሁለት የተጫወተ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጎል በገባ ቁጥር በረኛውና አጥቂው እንዴት እንደሚተያዩ ታውቃላችሁ። እዚያ ግን ቢያንስ ሁለቱም እጀታ ይዘዋል። ሜርትል ካርታዋን ከዘረጋች በኋላ ባሏ በጠዋት ስለሚሄድ ቁርሱን ልታሰናዳ ወደ ማብሰያ ክፍል ሄደች። ስትመለስ ውሉ ወድቋል።

ታዲያ ማን ነው ያጠፋው? ሦስት አማራጭ አለ። ጆን ደካማ እጅ ይዞ «አንድ ስፔድ» ብሎ ከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ሜርትል ከሚገባው በላይ ዘልላ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጨረታው ትክክል ሆኖ ጆን አጨዋወቱን አበላሽቶት ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ደግሞ ይደጋገፋሉ። የመጀመሪያው ሰው ሲከፍት «ጥሩ እጅ አለኝ» እያለ ነው። ሁለተኛዋ ይህን ቃል አምና ትደምርበታለች። ቃሉ ውሸት ከሆነ ድምሩም ውሸት ነው፣ ነገር ግን ስሌቷ ትክክል ነበር። በኋላ «ለምን አራት አልሽ?» የሚላት ሰውዬ እኮ አራት ያሰኛት ራሱ ሊሆን ይችላል። የዚያን ሌሊት ካርታዎች ተብለው ከጊዜ በኋላ የታተሙ አሉ፤ አዋቂዎች ተራቀውባቸዋል፤ ግን ኋላ የተፈጠሩ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይህ ሁሉ ጠብ ለምን በዚያ ዘመን በረታ ብትሉ፣ መልሱ የነጥብ አቆጣጠር ነው። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ታገሱኝ። ከዚያ በፊት የነበረው ብሪጅ «ኦክሽን» ይባላል፤ በዚያ ጨዋታ ትንሽ ተጫርተህ ብዙ ብታሸንፍ ያሸነፍከው ሁሉ ይቆጠርልሃል። ስለዚህ ብልህ ሰው ዝቅ አድርጎ ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 መጨረሻ ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለ ባለጸጋ ከሎስ አንጀለስ ተነስታ በፓናማ ቦይ ወደ ሃቫና በምትሄድ «ፊንላንድ» በተባለች መርከብ ላይ ከጓደኞቹ ጋር አዲስ አቆጣጠር ሞከረ፦ ወደ ጌም የሚቆጠረው አስቀድመህ በአፍህ የገባኸው ብቻ ነው። ለጌም 100 ነጥብ ያስፈልጋል፣ የስፔድ አንዱ ዙር 30 ነው። ስለዚህ ሦስት ስፔድ ብለህ አሥር ዙር ብታሸንፍ ጌሙ አይሞላልህም፤ አራት ማለት ነበረብህ። ድሮ ዝምታ ትርፍ ነበር፣ አሁን ዝምታ ኪሳራ ሆነ። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አብረው እስከ አፋፍ መውጣት አለባቸው፣ እያንዳንዳቸው ግማሹን ብቻ እያዩ። ጨዋታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሜሪካን አጥለቀለቃት።

ወደ ሜርትል እንመለስ። ጠበቃዋ ጄምስ ሪድ ነበር፤ የቀድሞ ሴናተር፣ በ1928 የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት ዕጩ ለመሆን የተወዳደረ ሰው። ሽጉጡ የባረቀው በድንገት ነው ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በማርች 1931 ዳኞቹ፣ 12ቱም ወንዶች፣ ነጻ አሏት። ጋዜጦቹም ቀልዱን ያዙት፤ ከሚስትህ ጋር ስትጫወት ተጠንቅቀህ ተጫረት፣ ዓይነት ነገር። እውነቱን ለመናገር ይሄ ቀልድ ያናድደኛል። ሰውዬው ሚስቱን በሰው ፊት በጥፊ መምታቱ ለጋዜጦቹ የጎን ወሬ ሆነ፤ ዋናው ወሬ አራት ስፔድ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ የተጠራቀመውን ነገር ሁሉ ለካርታ ማሸከም ምቹ ነው።

ከዚህ ወሬ ማን ተጠቀመ ካላችሁ፣ ኢሊ ከልበርትሰን። ሩማንያ ውስጥ ከአሜሪካዊ መሐንዲስና ከሩሲያዊት እናት የተወለደ፣ ከፈረንሳይ እስከ ሩሲያ የኖረ፣ በንግግር ድንጋይ የሚያሳምን ሰው ነው። ሚስቱ ጆሴፊን ከወንዶቹ አውራ ተጫዋቾች እኩል የምትቆጠር ነበረች። «ዘ ብሪጅ ወርልድ» የተባለ መጽሔት የጀመረው በ1929 ነው፤ በዓመቱ «ብሉ ቡክ» የተሰኘ የጨረታ መጽሐፉ ወጣ። የሚሸጠው ዕቃ በግልጽ አማርኛ ይህ ነው፦ ባልና ሚስት የሚጣሉት አንድ ቋንቋ ስለማይናገሩ ነው፤ የእኔን ዘዴ ከተማራችሁ ቃላችሁ አንድ ይሆናል። የእሱና የጆሴፊን ትዳር ደግሞ ማስታወቂያው ነበር።

ተቀናቃኞቹ ተባብረው የራሳቸውን «ኦፊሻል ሲስተም» አወጡ። ክርክሩ በጠረጴዛ ይለቅ ተባለና ዲሴምበር 7 ቀን 1931 ኒው ዮርክ ውስጥ ሆቴል ቻተም ግጥሚያው ተጀመረ። በአንድ ወገን ኢሊና ጆሴፊን፣ በሌላው ሲድኒ ሌንዝና ኦስዋልድ ጃኮቢ። ለ150 ራበር፤ ራበር ማለት ከሦስት ጌም ሁለቱን ቀድሞ የወሰደ የሚያሸንፍበት ዙር ነው። ጋዜጠኞች በየቀኑ እንደ ጦር ሜዳ ዘገቡት። ዳኛው አልፍሬድ ግሩንተር የሚባል ወጣት የጦር መኮንን ነበር፤ በኋላ የኔቶ ጦር የበላይ አዛዥ የሆነው ራሱ ነው። ኢሊ አርፍዶ ይመጣል፣ ካርታውን አፍጥጦ ሲያይ ያመሻል፣ ጠረጴዛው ላይ ስቴክ አዝዞ ይበላል። ሌንዝ ይበሳጫል። ብስጭቱ የተፈለገ ይመስለኛል።

የሚገርመው ግን የተሰነጠቀው የባልና ሚስቱ ወገን አይደለም። ጆሴፊን ገና ሲቃረብ ለልጆቿ ብላ ለጥቂት ጊዜ ተነሳች፣ ሌሎች ቦታዋን ሸፈኑ፣ ተመልሳ መጣች፤ ኮሽ ያለ ነገር የለም። የተሰነጠቀው የሌንዝና የጃኮቢ ነው። ሌንዝ ወደ 60 የሚጠጋ አንጋፋ፣ ጃኮቢ 29 ዓመቱ። ጃኮቢ ደግሞ የሚወደው ነገር «ሳይኪክ» የሚሉት ጨረታ ነበር፤ የሌለህን አለኝ ብሎ ባላጋራን ማሳሳት። በአንዳንድ እጅ በጣም ይሠራል። ችግሩ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጨረታ ብቻ ነው ያለው፤ ባላጋራህ ሲሰማ ተጣማሪህም ይሰማል። ሦስቱም ከተታለሉ ማን ይጎዳል? ብዙ ጊዜ አምኖ የሚደምረው ሰው። መጀመሪያ ላይ ይመሩ የነበሩት እነ ሌንዝ ወደ ኋላ ሲቀሩ አንጋፋው ወጣቱን በሰው ፊት ገሠጸው። ጃኮቢ ከመቶ ራበር በላይ ከተጫወተ በኋላ አቋርጦ ወጣ፤ በምትኩ ዊንፊልድ ሊጌት የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ገባ።

በጃንዋሪ 1932 ግጥሚያው ሲያልቅ ከልበርትሰኖች በ8,980 ነጥብ አሸነፉ። ትልቅ ቁጥር ይመስላል፤ ግን በራበር ብትቆጥሩት 77 ለ73 ነው። የትኛው ዘዴ እንደሚበልጥ አራት ራበር ምንም አያረጋግጥም። ገዢው ሕዝብ ግን ወስኖ ነበር፣ መጽሐፎቹም ተቸበቸቡ። እኔን ብትጠይቁኝ ከዘዴው ይልቅ ጆሴፊን በልጣለች፤ ሌንዝ ጃኮቢን ያህል ጎበዝ ነበረው፣ የጆሴፊንን ያህል ትዕግሥት ግን ሁለቱም አልነበራቸውም። ጃኮቢ ከዚያ በኋላ ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ።

የማስታወቂያው ትዳር በ1938 በፍቺ አበቃ። ሁለቱ ባለፉበት ጊዜ መካከል ሦስት ወር እንኳ አልሞላም፤ እሱ በዲሴምበር 1955፣ እሷ በማርች 1956።

ስለ ሜርትል አሌክሳንደር ዉልኮት የተባለ ደራሲ አንድ ወሬ ጽፎ ነበር። ነጻ ከወጣች በኋላ ማንነቷን ከማያውቅ ሰው ጋር ተጣምራ ስትጫወት፣ ሰውዬው ደካማ ካርታውን ዘርግቶ ስለ መገደል ቀለደ፣ እሷም ራሷን ሳተች ይላል። እኔ አላምነውም፤ ከመጠን በላይ ያማረ ወሬ ነው። እሷ ኒው ዮርክ ሄዳ በሆቴል ሠራች፤ የሞተችው በ1992 ነው። ስትሞት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበራት፤ አብዛኛውን የተናዘዘችው ለጆን ቤኔት ዘመዶች ነው።